ጽዋው ከመነሳቱ በፊት

ኅዳር 9

ዛሬ መምህር ዘመነ ከክፍል ስወጣ አስቆሙኝ። እንግሊዝኛ ነው የሚያስተምሩን። አዲስ አበባ አንድ የሴቶች ኮሌጅ አለ አሉ። ከመላው አገሪቱ አርባ ልጅ ብቻ ይወስዳል፤ ትምህርቱም ማደሪያውም ምግቡም በነፃ ነው።

"ከዚህ ትምህርት ቤት አንቺ ካልገባሽ ማን ይገባል?"

እውነት ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቴን ማንም ነክቶት አያውቅም።

"ከትምህርት ውጭስ?" አሉኝ ቀጥለው።

"ምን ከትምህርት ውጭ?"

"ክበብ ነዋ። ቀይ መስቀል፣ ሚኒ ሚዲያ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ስፖርት። ውጤት ብቻ አያዩም። አንዱም የለሽም?"

"የሽንኩርት ክበብ አባል ነኝ ቲቸር።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የምኖረው የአባቴ እህት ቤት ነው፤ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ። መናኸሪያው አጠገብ ምሳ ቤት አላቸው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አባቴ ከቁይ ማዶ ካለው አገራችን አምጥቶ ሲሰጠኝ "ቀለቧ ከእኔ፣ እናትነቱ ከአንቺ" አላቸው። ጤፉ ቀርቶ አያውቅም። እናትነቱ እንደዚህ ነው፦ ጠዋት እማራለሁ፤ ከዚያ እስኪመሽ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ሽሮ አማስላለሁ፣ የሹፌር ሳህን አጥባለሁ። ክበቦቹ ሁሉ የሚሰበሰቡት ከሰዓት ነው። ልጃቸው ሃኒ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነች። ቀይ መስቀልም፣ ሚኒ ሚዲያም፣ በጎ አድራጎትም አላት። እሷ ክበብ የምትሄድበት ሰዓት ከየት እንደመጣ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

እንግዳ ሲመጣ እትዬ ደብሪቱ "ልጄ ናት" ይሉኛል። ሳህን ሲሰበር "የወንድሜ ልጅ ናት" ይላሉ።

ኅዳር 17

ለመንኩ። ለኮሌጁ ስል፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ብቻ። ማክሰኞ።

"ክበብ? ክበብ እኮ የጠገበ ልጅ መዋያ ነው" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"ሃኒ ትሄድ የለም እንዴ?"

"ሃኒ እዚህ ብትሆንስ ምን ትፈይዳለች? ሽሮ ታሳርራለች። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ የኔ ልጅ።"

ሹፌሮቹ ሰሙ። "እሱስ እውነት ነው፣ የወለላ እጅ!" አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ፦ "ወለላ አዲስ አበባ ከገባች እኛም በሌላ መንገድ መዞራችን ነው" አለና ተሳሳቁ። እትዬ ደብሪቱም ሳቁ። ምስጋናውን እንደ ገመድ በእጄ ላይ ጠመጠሙት።

ሽሮውን ላሳርረው ፈለግሁ። ሆን ብዬ። እጄ እምቢ አለኝ።

ኅዳር 30

በወር በወሩ፣ በማርቆስ ዕለት፣ የሃኒ በጎ አድራጎት ክበብ ለነዳያን ምሳ ያበላል። ምስሩን ትናንት የቀቀልኩት እኔ። ድንቹን እኔ። ጎመኑን እኔ። በባጃጅ ጭኜ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ያደረስኩት እኔ። ከዚያ ወደ ምሳ ቤት ተመለስኩ፤ የአዲስ አበባው አውቶብስ ገብቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሃኒ ፎቶውን አሳየችኝ። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጭልፋ ይዛ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። በፎቶው ጠርዝ ላይ ድስት የያዘ እጅ ይታያል። የእኔ ነው። ከክንዴ በላይ ያለውን ቆርጠውታል።

"ወይኔ ወለላ፣ ሲቆርጡት እኮ ነው። እሷንም አንሷት ብያቸው ነበር።"

ብያቸው ነበር። "ነበር" ሰው አያስገባም ኮሌጅ።

ታኅሣሥ 14

ማመልከቻው ሄደ። መምህር ዘመነ ኢንተርኔት ቤት ወስደው ከሃኒ ጋር አስሞሉን። ስልክ የለኝም፤ ሁለታችንም የእትዬ ደብሪቱን ቁጥር ሰጠን።

ከትምህርት ውጭ ስለምትሠሪው ጻፊ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አጠገቤ ሃኒ ስትተይብ ቁልፉ እንደ በረዶ ይንጠባጠባል።

"ከሰዓት በኋላ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉ መምህር ዘመነ ቀስ ብለው።

"ሥራ።"

"ታዲያ ጻፊዋ።"

"እሱ ሥራ ነው እንጂ ተሳትፎ አይደለም።"

"ወለላ፣ ይጠቅምሻል።"

"ሠራተኛ ነኝ ብዬ ልጻፍ?" ድምፄ ከፍ አለ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ሃኒም።

ባዶውን ላክሁት። በውጤቴ ይይዙኛል። ካልያዙኝ ደግሞ እነሱም እንደ ሌላው ናቸው። አሁን ሳስበው ሞኝነት ነው። ግን ተመልሼ ብቀመጥ ያንኑ አደርግ ነበር።

ጥር 3

ለሃኒ ደወሉላት! ቃለ መጠይቅ። መንገዱ ስለማያስተማምን በስልክ ነው የሚጠይቁት። እትዬ ደብሪቱ ለሹፌሮቹ ሁሉ ነገሩ። ለእኔም ነገሩኝ፤ ሳህን እያጠብኩ።

"ለእኔስ?"

"ለአንቺም ይደውሉልሽ ይሆናል።" ዓይናቸው ድስቱ ላይ ነበር።

አልደወሉም። ውጤቴ ከሃኒ በብዙ ይበልጣል። ባዶው ቦታ ነው። ባዶውን ያልሞላሁት እኔ ነኝ። ማንንም አልወቅስም። አንቺ ነሽ ወለላ፣ ኩሩ።

ጥር 5

ሃኒ መልስ እየተለማመደች ነው። በመስታወት ፊት። "ኅብረተሰቤን ማገልገል ያስደስተኛል።" ሰዋስዋን አረምኩላት። ለምን አረምኩላት?

ጥር 8

ለጥምቀት ፀጉሯን እየሠራሁላት ነበር። ሹሩባው መሃል ላይ ስንደርስ ዝም አለች፤ ሃኒ ዝም አትልም።

"ወለላ።"

"እ።"

"ለአንቺም እኮ ደውለውልሽ ነበር።"

እጄ ፀጉሯ ውስጥ ቀረ።

"ከእኔ በፊት። በልደት ማግስት። እማዬ ናት ያነሳችው። ትምህርቱን ትታዋለች፣ በዚህ ጥር ልትዳር ነው አለቻቸው። እኔ ነኝ የነገርኩሽ እንዳትይ። በማርያም።"

ልትዳር ነው!

ሹሩባውን ጨረስኩ። ማጥበቅ ከሚገባኝ በላይ አጠበቅሁት። አላቃሰተችም። ስትነሳ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ነበር፤ ከፀጉሩ ይሆናል። ለምን እንደነገረችኝ ገብቶኛል። በእኔ ላይ ልትስቅ ፈልጋ ነው። የተሸነፈ ሰው መሸነፉን ካላወቀ የአሸናፊ ደስታ ሙሉ አይሆንም።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ደብሪቱን "እሳቸው" አልላትም። አፌ ይበል፤ ብዕሬ አይልም።

ጥር 11

ጥምቀት። ሁሉም ለብሶ ወጣ። ታቦቱ ሲያልፍ ሰው ሁሉ የሚለምነውን ለመነ። እኔ የለመንኩትን እዚህ አልጽፈውም። ታቦት ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይለመናል ወይ? ለምኜዋለሁ።

ጥር 13

መምህር ዘመነ ለጥምቀት ከሄዱበት ከደጀን ተመለሱ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀላ። እዚያው ቆመው ኮሌጁ ደወሉ። እየሩስ የምትባል ሴት ናት ያነሳችው።

"አሳዳጊዋ በቃሏ ትታዋለች ብላናለች" አለች። "አስተማሪ ቢደውል አባት ቢደውል ያን ቃል አይሽረውም። የሰጠችው ሴትዮ ራሷ ታንሳው። እስከ ጥር ሃያ ሦስት እንጠብቃለን።"

መምህር ዘመነ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። "በለሆሳስ ጠይቂያቸው። አክስትሽ ናቸው።"

በለሆሳስ!

ጥር 14

ጠየቅኋት። ማን ነገረሽ አላለችም። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ከአንድ ቤት ሁለት ይወስዳሉ እንዴ?"

"ይወስዱ አይወስዱ እነሱ ያውቃሉ።"

"አይወስዱም። እኔ አውቃለሁ። አንቺ የትም ብትወድቂ ትነሻለሽ፤ ድንጋይ ላይ ብትጣዪ ትበቅያለሽ። ሃኒን ታውቂያታለሽ፤ ካልደገፏት አትቆምም።"

"ስለዚህ ዳሩኝ?"

"አፍ ያመጣው ነው፤ ምን ልበል ታዲያ?"

"ይደውሉና ያንሱልኝ።"

"ማኅበሩ ይለፍ። ማኅበሩ ካለፈ በኋላ እናያለን።"

የማርያም ማኅበር ተራው የእሷ ነው፤ የጥር ሃያ አንዱ፣ አስተርእዮ ማርያም፣ የዓመቱ ትልቁ። የጽዋ ማኅበርተኛውን በሙሉ ታበላለች። ከዚያ ቀኑ ያልፋል። እንደሚያልፍ ታውቃለች።

የምታበላው ደግሞ በማን እጅ ነው?

ጥር 16

ጠላው ተጠንስሷል። ጌሾውን ሳስገባ አሰብኩ። ጨው? ሳሙና? ዳቦውን ሊጥ ላስቀረው? በግ የሚያርደው ሰው እንዳይመጣ ልላክበት? እያሰብኩ ሳለ ጋኑን አጥቤ አጥኜ ሞላሁት።

ጥር 18

አገኘሁት።

በዚህ ማኅበር ሕግ፣ ቂም ባለበት ቤት ጽዋ አይነሳም። ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ አቶ ቢተው፣ ጽዋው ከመነሳቱ በፊት በየወሩ ይጠይቃሉ፦ "በመካከላችን የተቀያየመ አለ?" ቤቱ በአንድ ድምፅ "የለም!" ይላል። ከዚያ ይጠጣል። የልማድ ጥያቄ ነው። "አለ" ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አለ ከተባለ ግን እስኪታረቁ ድረስ ማንም አይቀምስም፤ ደጋሹ በማኅበርተኛው ፊት ድግሱን ታቅፎ ይቀመጣል።

ጠላው ዘንድሮ አቻ እንደሌለው ሆኖ ይጥማል። ዳቦው እንደ ጨረቃ ይሆናል። ድግሷ አንድ እንከን አይገኝበትም። እንከኑ እኔ ነኝ።

ጥር 20

አልተኛሁም። ዶሮ፣ በግ፣ አይብ። ደብሪቱ "ተባረኪ" አለችኝ። ሦስቴ። አሜን አልኳት።

ጥር 21

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው የምጽፈው። ከቅዳሴ ተመልሰው ገቡ። ነጠላ በነጠላ ሆነ ቤቱ። ቄሱ ጸለዩ፤ ዳቦው መሶቡ ላይ ቀረበ፤ "አቤት ዳቦ!" ተባለ። ደብሪቱ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። እኔ ጠላ የሞላ ጆግ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አቶ ቢተው ተነሱ።

"በመካከላችን የተቀያየመ አለ?"

"የለም!"

"አለ" አልኩ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ደግሜ ተናገርኩት። "አለ።"

አቶ ቢተው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። "ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ደብሪቱ ሳቀች። "ደክሟት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ነው ያደረችው።"

"ደግሞስ አባል ናት እንዴ?" አለ አንዱ ከጥግ። "አባል ላልሆነ ሰው ቂም ጽዋ ልናቆም ነው?"

ጥጉ ላይ እማሆይ ወለተ ኪዳን ተቀምጠው ነበር። ያንቀላፉ መስለውኝ ነበር። "ጠላውን የጠመቀው ማነው?" አሉ።

"እሷ ናት" አለች ሃኒ። ማን ጠየቃት?

"ዳቦውንስ?"

"እሷው።"

"እንግዲያ እጇ ጽዋው ውስጥ አለ። ቂሟም አለ። ተናገሪ ልጄ፣ ጉሮሯችን ሳይደርቅ።"

ተናገርኩ። "ኮሌጅ አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ደወሉልኝ። እትዬ ደብሪቱ ስልኩን አንስተው ልትዳር ነው ብለው መለሷቸው።"

"እሰይ!" አለች አንዲት ሴትዮ ነገሩ ሳይገባት። "እንኳን ደስ አለሽ! የማን ልጅ ነው?"

"እሱን እትዬ ደብሪቱን ይጠይቁልኝ። ሙሽራውን እኔም አላየሁትም።"

ቤቱ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ተቆረጠ፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ይህን ነው የፈለግሁት። ይህችን አንዲት ቅጽበት። ፊቷ እንደ ረጋ ወተት ሆነ።

"ብለሻል ደብሪቱ?" አሉ አቶ ቢተው።

"ለልጄ ብዬ ነው ሙሴ።"

"ይቺስ?"

"እሷም ልጄ ናት።"

"ታዲያ የትኛዋን ልጅሽን ነው የዳርሻት?"

ቀሚሷን ትዳስሳለች።

"ትደውያለሽ" አሉ አቶ ቢተው ተቀምጠው። "አሁን፣ እዚሁ። ድምፁን ከፍ አድርገሽ፣ እኛ እየሰማን።"

"በበዓል ቀን?"

"አዲስ አበባ ዛሬ ተራ ሐሙስ ነው። ደውይ።"

"ጥብሱ ይቀዘቅዛል እኮ ሙሴ" አለ ያ የጥጉ ሰውዬ።

"ቂምም ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ታገስ።"

ስልኩን ያመጣችው ሃኒ ናት። ማንም አላዘዛትም። ቁጥሩንም እሷ ነካችው። በሰው ፊት ደግ ለመምሰል ይሆናል።

እየሩስ አነሳች። ደብሪቱ ተንተባተበች። "አይ... እኔ እንኳ ያልኩት... አትዳርም። የሚያገባትም የለም። ማለቴ፣ ትማራለች።" አንድ ሰው ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። እየሩስም፦ "ልጅቱ አጠገብዎ አለች?" አለች። "ካለች አሁኑኑ ላናግራት። ከዛሬ ሌላ ጊዜ የለኝም።"

ጆጉን አስቀመጥኩ። ስልኩ መሶቡ ላይ፣ ዳቦው አጠገብ ነው። ሁሉም ሰው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሏል።

ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ከዚያ፦ "ከትምህርት ውጭ የምትሠሪውን ባዶ ትተሽዋል። ለምን?"

ለእሷ መመለስ ነበረብኝ። ለእሷ አልመለስኩም። ቤቱን አየሁ፤ ደብሪቱን አየሁ፤ አፌ ተከፈተ። ከሰዓቴን ማን እንደበላው ተናገርኩ። አባቴ የሚያመጣውን ጤፍ ተናገርኩ። "ልጄ ናት" እና "የወንድሜ ልጅ ናት" መቼ መቼ እንደሚባል ተናገርኩ። ስለ ማርቆስ ዕለት ምሳ፣ ስለ ፎቶው፣ ጭልፋ የያዘችው ሃኒ እንደሆነችና ያበሰልኩት ግን እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። አንዷን አላስቀረሁም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጣፈጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ስጨርስ በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

"ወለላ፣" አለች እየሩስ፣ "ይህ ሁሉ የተደረገብሽ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ አንቺ ያደረግሽውን ነው።"

ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። ምንም አልመጣልኝም። ምንም።

"እንግዲህ..." አልኩ። "አሁን ማኅበር አስቁሜያለሁ።"

"ምን?"

"የማርያም ማኅበር ነው። ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠዋል። ቂም አለኝ ብዬ ጽዋቸው እንዳይነሳ አድርጌያለሁ። አክስቴ የደወሉልዎት ለዚያ ነው። ከእርስዎ ጋር እስክንጨርስ ማንም አይቀምስም።"

"እውነቷን ነው፣ እመቤት!" ጮኹ እማሆይ ወለተ ኪዳን ወደ ስልኩ። "ጠምቶናል!"

እየሩስ ትሳቅ ትቆጣ አላወቅሁም። "እናመሰግናለን" ብላ ዘጋች።

ደብሪቱ ተነስታ ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች፤ ያዝኳት፤ ሰው ሁሉ አየ። "ይቅር በይኝ" አለች።

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ።"

"አንቺስ?" አሉ አቶ ቢተው፤ ብልጥ ናቸው።

"እሱ ከቀደመ እከተላለሁ።"

ጥቂት አዩኝ። "ይበቃል፤ ጽዋው ይነሳ" አሉ። ጠላውን አመሰገኑት። ሁለት ሰው ደብሪቱን "ምን ዓይነት ጌሾ ነው?" ብለው ጠየቋት። አታውቅም።

ሃኒን አላየሁም ከዚያ በኋላ።

ጥር 23

ደብሪቱ ሽንኩርቱን ራሷ ትልጣለች። አልከለከልኳትም።

ለሃኒ ለቃለ መጠይቁ ደውለውላታል። ስለ ምሳው ጠየቋት። "ምግቡን የምትሠራው ወለላ ናት፤ የማድለው እኔ ነኝ አልኳቸው" አለችኝ። ለምን እንደምትነግረኝ አላውቅም። ሌላ ምን ልትል ኖሯል? እውነቱ ያ ነው።

እውነቱ ያ ነው።

የካቲት 2

አንቺ ያደረግሽውን ነው የጠየቅሁሽ።

ሳህን ሳጥብ ትክክለኛው መልስ ይመጣልኛል። ድንች ስልጥ ደግሞ ሌላ የተሻለ። አንድ ድስት ለስንት ሰው እንደሚበቃ በዓይኔ አውቃለሁ ልላት እችል ነበር። የሰከረ ሹፌር ሳልሰድብ አስወጣለሁ። ሽሮ እያማሰልኩ ካልኩለስ ሠርቻለሁ። ይህን ሁሉ ትቼ ሐሜት አወራኋት። አንዲት ደጅ ተከፈተችልኝ፤ በደጇ ቆሜ ከኋላዬ ላሉት ሰዎች ተሳደብኩ።

ግን ፊቷን አየሁት። የደብሪቱን ፊት። ያንን አልመልስም።

የካቲት 5

ነነዌ ተፈታ። መልስ የለም።

የካቲት 14

ገባሁ።

መምህር ዘመነ ቢሮ አስጠርተው ነገሩኝ። የአገር አቀፉን ፈተና ካለፍኩ ከመስከረም ጀምሮ ነው። "ምን ብለሻት ነው?" አሉኝ። "እንጃ" አልኩ። "ምክንያት አይጽፉም" አሉ።

"ሃኒስ?"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምሳ ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። ደብሪቱ ወንበር ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት። "ልጄ ገባች! እኔ ነኝ ያሳደግኋት! ከዚህ ከሽሮዬ ነው የወጣችው!" ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ለሁሉም ሻይ ጋበዘች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ዕንባዋ አንገቴ ላይ ፈሰሰ፤ የእውነት ዕንባ ነው።

አይ! ይቺ ሴት ቂሜን እንኳ ወስዳ ድግስ አደረገችው። ምን ባደርግ ነው የማታተርፍበት?

የካቲት 17

ጾሙ ገባ። ሃኒ ከክበቦቹ ሁሉ ወጥታለች። ደብሪቱ ናት ያስወጣቻት። "ክበብሽ ምን ፈየደልሽ? ነይ እዚህ ቁሚ፤ ወለላ ስትሄድ ማን ሊሠራ ነው?" አለቻት፤ በሹፌሮቹ ፊት። ዛሬ ሃኒ ከጎኔ ቆማ ሽንኩርት ላጠች። ጣቷን ቆረጠች። ሽሮውን አሳረረች። ተሰደበች። "የወንድሜ ልጅ" የምትባልበት መውጫ እንኳ የላትም።

ይኸው። ይህንን ነው የለመንኩት። ደስ ብሎኛል።

ደስ ብሎኛል።

ሳህኑን አጥበን ስንጨርስ፦ "ወለላ፣ ፊዚክስ አስጠኚኝ። ፈተናውን ካላለፍኩ እዚሁ ነኝ" አለች። የተቆረጠ ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ እንደ ሕፃን።

"ጊዜ የለኝም" አልኳት።

እሺ አለች። እሺ ብቻ። አልተቆጣችም፤ ስለ ሹሩባው ቀን አላነሳችም፤ "እኔ ባልነግርሽ ኖሮ" አላለችም። ብትል እመልስላት ነበር፤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር እኮ።

የካቲት 19

ዛሬ የሃኒን የፊዚክስ ደብተር አገላበጥኩት። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሚኒ ሚዲያ ስታነብ፣ ቀይ መስቀል ስትሰለፍ፣ ማን ፊዚክስ ያንብብላት? ከቬክተር ጀምሮ ምንም አልገባትም። እስከ ሐምሌ ድረስ ጊዜ አለ፤ ብዙ ባይሆንም። ጭንቅላቷ መጥፎ አይደለም። ማንም አላሠራውም እንጂ።

ሃኒን አሳልፋታለሁ።

ይቅርታ አይደለም። በደንብ አስቤበታለሁ። ደብሪቱን ድግሷ ላይ አዋረድኳት፤ ሻይ ጋብዛ ወጣችበት። ሄጄ ብርቅባት ደግሞ "ልጄ አዲስ አበባ ናት" እያለች ትኮራብኛለች፤ ሽሮውን ሃኒ ታማስልላታለች። ሃኒም ከሄደችባት ግን ምን ታደርጋለች? በውጤቷ፣ በፎቶ ሳይሆን በውጤቷ አልፋ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጎንደርም ይሁን ጅማ ከሄደች? ሁለታችንም በአንድ ጠዋት ሻንጣ ይዘን እዚሁ መናኸሪያ እንቆማለን። እሷ ከምሳ ቤቱ በር ላይ ትየን። ያን ጊዜ ሹፌሮቹ "ሽሮው ምን ሆነ?" ይሏታል። ያን ጊዜ ከሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቀዋለች።

ቂሜን እንዲህ ነው የምወጣው። ሃኒ ይቅር ያልኳት ይመስላታል። ይምሰላት።

ነገርኳት። ነገ እንጀምራለን አልኳት፤ ሽንኩርቱን እየላጥን። የምትስት ከሆነ እቆጣታለሁ አልኳት። ልታቅፈኝ መጣች፤ "እጅሽ ሽንኩርት ነው" ብዬ መለስኳት። የእኔም ሽንኩርት ነበር።

ቢላዋ ላይ ግን እጇን ማስተካከል አለብኝ፤ ጣቷን እንዲህ እየቆረጠች ምን ልትጽፍ ነው?